የቤት ንፋስ ተርባይን ገንዘቡን ይመልሳል ወይ? መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ክንፉን ለካ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን አሳጥሬ ልድገመውና ልጀምር። ቤትህ ነፋሻማ ቦታ ላይ ነው፣ መስመር መብራት አለህ ግን ቢሉ እየከበደህ ነው፣ አልፎ አልፎም ይጠፋብሃል፣ በወር ወደ 150 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለህ፣ እና «2 ኪሎዋት» ተብሎ የሚሸጥ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆነ ተርባይን አግኝተህ ጣራህ ላይ ልትተክለው አስበሃል፣ ገንዘቤን ይመልስልኛል ወይ ነው ያልከው። ይሄኛው አይመልስም። ንፋስን ለማጣጣል አይደለም፣ የምበላውም ከሱ ነው፣ ቦታውን ያገኘ ጥሩ ተርባይን ቤት ሙሉ ሲያበራ አይቻለሁ። ግን አንተ የጻፍካቸው ሶስት ነገሮች፣ 1.2 ሜትሩ፣ 2 ኪሎዋቱና ጣራው፣ አንድ ላይ ሲመጡ ሒሳቡ ሳይጀመር ያልቃል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ፣ የሚያዋጣው መቼ እንደሆነ ከዛ በኋላ ራስህ ትፈርዳለህ።

ከ2 ኪሎዋቱ እንነሳ። ንፋስ ውስጥ ያለው ኃይል የሚሰላ ነገር ነው፣ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሸፍኑት ክብ ስፋት አለ፣ የአየሩ ጥግግት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንፋሱ ፍጥነት አለ እሱም በራሱ ሶስቴ ተባዝቶ ነው የሚገባው። 1.2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ 1.13 ካሬ ሜትር ነው። ሻጮች ብዙውን ጊዜ ኪሎዋቱን የሚጽፉት በሰከንድ 12 ሜትር ለሚነፍስ ንፋስ ነው፣ ይሄ በሰዓት 43 ኪሎሜትር ማለት ነው፣ ትልልቅ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ጃንጥላ መያዝ የሚያስቸግር ንፋስ። እሺ እሱ ነፈሰ እንበል። በዛች ክብ ውስጥ የሚያልፈው ንፋስ የያዘው ኃይል በጠቅላላ 1,200 ዋት ገደማ ነው። በጠቅላላ! ተርባይኑ የሚወስደው ሳይሆን ንፋሱ ራሱ ያለው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስቀመጠው ደግሞ የትኛውም ክንፍ ከሚያልፍበት ንፋስ ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም፣ ምክንያቱም ሁሉንም ከወሰደው አየሩ እዛው ክንፉ ጀርባ ቆሞ ይቀራል፣ የሚከተለውም ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ በፊዚክስ ደረጃ ከፍተኛው 710 ዋት ነው፣ በተግባር ደህና የተሰራ ትንሽ ተርባይን በዛ ፍጥነት 30 ወይ 35 በመቶ ከወሰደ ጎበዝ ነው፣ እሱም 400 ዋት አካባቢ ነው። 2 ኪሎዋቱ ከየት መጣ? ከወረቀቱ ላይ። ጀነሬተሩ ያን ያህል ሊያወጣ የሚችል የሽቦ ጥቅል ይኖረው ይሆናል ግን የሚያዞረው ንፋስ በዛ ክብ ውስጥ የለም።

ለዚህ ነው ተርባይን ልትገዛ ስትል ኪሎዋቱን እርሳውና ዲያሜትሩን ጠይቅ የምለው። ሰው ሶላር ለምዶ ስለሆነ «ባለ ስንት ኪሎዋት ነው» ይላል፣ ሶላር ላይ ልክ ነው፣ ንፋስ ላይ ግን ኪሎዋት የሚነግርህ በኃይለኛ ንፋስ ቀን ለተወሰነ ሰዓት ምን እንደሚያወጣ ነው፣ ቢልህን የሚቀንሰው ደግሞ በዓመት ውስጥ የሚሰበሰበው ኪሎዋት ሰዓት ነው።

እኔ ደንበኛ ሲጠይቀኝ ወዲያው የምጠቀምባት ግምታዊ ቀመር አለች፣ ስልክህ ላይ ባለው ካልኩሌተር ትሰራታለህ። ዲያሜትሩን በሜትር ውሰድና በራሱ አባዛው፣ ከዛ በቦታው ያለውን የዓመት አማካይ የንፋስ ፍጥነት በሰከንድ በሜትር ውሰድና በራሱ ሶስቴ አባዛው (4 ከሆነ 4 በ4 በ4፣ 64 ማለት ነው)፣ ሁለቱን አባዝተህ በ1.6 አባዛ። የሚወጣው ተርባይኑ በዓመት ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቀው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለትንሽ ተርባይን ደህና ግምት ትሰጣለች፣ ከሷ እጥፍ በላይ የሚምልልህ ሻጭ ካለ በገለልተኛ ወገን የተለካ መረጃ አምጣ በለው።

ያንተን እናስገባው። አማካይ ንፋስህ በሰከንድ 4 ሜትር ቢሆን፣ ይሄም ለመኖሪያ ሰፈር ብዙ ነው፣ 1.2 ሲባዛ በ1.2፣ 1.44፣ ያ በ64፣ ያ በ1.6፣ ወደ 147 ኪሎዋት ሰዓት በዓመት። በወር 12። አንተ የምትጠቀመው 150 ነው። ተርባይኑ 15 ዓመት ቢኖር፣ በብልሽትና በጥገና የሚቆምበትን ጊዜ 10 በመቶ ብቻ ብንቀንስለት፣ ዕድሜ ልኩን የሚሰጥህ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ይሄንን አንተ በ13 ወር ነው የምትጨርሰው። እንግዲህ ዋጋ ሳልጠይቅህ ልፈርድ እችላለሁ ማለት ነው፦ ተርባይኑ፣ ምሰሶው፣ ኬብሉ፣ ኮንትሮለሩ (የሚያመነጨውን የሚቆጣጠረው)፣ ኢንቨርተሩ (ኤሌክትሪኩን ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው)፣ የተከላው ሰራተኛና የ15 ዓመት ጥገናው ተደምሮ አሁን ከምትከፍለው የ13 ወር ቢል በታች ከሆነ ግዛው። አይሆንም አይደል?

በተቃራኒው ደግሞ እይ። ያንኑ 150 በወር ሙሉ በሙሉ ከንፋስ ላግኝ ካልክ አማካዩ 5 ሜትር በሆነበት ቦታ 3 ሜትር ዲያሜትር ይበቃሃል፣ 4 ሜትር በሆነበት 4.2 ሜትር ያስፈልግሃል፣ 3 ሜትር በሆነበት ደግሞ 6.5 ሜትር፣ እሱ ራሱን የቻለ ግንባታ ነው። ከ3 ወደ 5 የፍጥነት ልዩነቱ ስትሰማው ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ነው፣ ሶስቴ የመባዛቱ ነገር ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ «የኔ ቦታ ንፋስ አለው» ብሎ ነገር አይሰራም፣ ስንት ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል፣ ምክንያቱም የምናስታውሰው በር የደበደበውን ንፋስ ነው እንጂ ቅጠል ያልነቃነቀባቸውን ሌሊቶች አይደለም። አማካይ ማለት እነሱም ተቆጥረው ነው። መነሻ እንዲሆንህ ግሎባል ዊንድ አትላስ የሚባል በነፃ የሚታይ ካርታ አለ፣ የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ያወጣው ነው፣ ቦታህን ትነካና የ10 ሜትር ከፍታውን ትመርጣለህ። የ100 ሜትሩን እንዳታይ፣ እሱ ለትልልቆቹ ነው፣ አንዳንድ ሻጭ ሆን ብሎ እሱን ያሳይሃል። ካርታው የጎረቤትህን ፎቅና የግቢህን ዛፍ ግን አያውቅም፣ ስለዚህ የሚሰጥህ ቁጥር ሜዳው ቢጸዳ የሚገኘውን ነው ብለህ ያዘው። ካርታው ላይ ከ4 በታች ከወጣ እኔ ብሆን እዛው ነው የማቆመው፣ ለተጨማሪ ልኬት ገንዘብ አላወጣም። ከ5 በላይ ከሆነና ወጪው ከባድ ከሆነ ግን የንፋስ ፍጥነት መለኪያ ገዝተህ ተርባይኑ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ስቀለው፣ መረጃ የሚመዘግብ ዓይነት፣ ቢቻል ዓመት ሙሉ፣ ምክንያቱም ወቅቱ ይለዋወጣል፣ በነፋሻው ሁለት ወር ለክቶ መግዛት ራስን ማታለል ነው። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዘህ ግቢ ቆመህ ያየኸው ቁጥር ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ጣራው። ንፋስ ቤት ሲመታ ወንዝ ድንጋይ ሲመታ እንደሚሆነው ነው፣ ይፈርሳል፣ ይሽከረከራል፣ አቅጣጫው በየሰከንዱ ይቀያየራል። ተርባይን የሚፈልገው ለስላሳ ቀጥ ያለ ንፋስ ነው፣ የተረበሸ ንፋስ ውስጥ ስታስቀምጠው ወዲህ ወዲያ ሲዞር ይውላል፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ ሲያስተካክል ንፋሱ ሄዷል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ክንፉን ያደክማል፣ የሚያመነጨው ደግሞ አይረባም። ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝ አገር ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ዋሪክ ዊንድ ትራያልስ በሚባል ሙከራ ሕንፃ ላይ የተተከሉ 26 ትንንሽ ተርባይኖች ተለክተው ነበር፣ በአማካይ እያንዳንዱ በቀን የሰጠው 214 ዋት ሰዓት ነው፣ አንዲት የ9 ዋት አምፖል ለ24 ሰዓት ማብራት ማለት ነው። እሱ እንኳ ተበላሽተውና ተዘግተው የቆሙበትን ጊዜ ጨምሮ ነው ብትል፣ የሰሩበትን ጊዜ ብቻ ብንወስድ አቅማቸው ተብሎ ከተጻፈው 4 በመቶ ገደማ ነው የሰጡት። የተሻለ ሊሰጡ ይችሉ የነበሩት ረጃጅም ሕንፃ ላይ ያሉት ደግሞ ነዋሪው በድምፃቸው ስላማረረ እንዲዘጉ ተደረገ። ድምፁን ደግሞ አትናቀው፣ ጣራ ላይ ያለ ተርባይን ንዝረቱን በግድግዳው ይልካል፣ ሌሊት ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ ጥሩ የሚያመነጭልህ ያኔ ነው አንተ ደግሞ እንቅልፍ የምታጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ታወር ያስፈልጋል፣ ወጪው የሚሰወረውም እዚህ ነው። የተለመደው መመሪያ የክንፉ የታችኛው ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ዛፍም ሆነ ቤት ቢያንስ በ9 ወይ 10 ሜትር ከፍ ይበል የሚል ነው። ዛፍህ 8 ሜትር ከሆነ ታወርህ 20 ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው፣ ዛፉ ደግሞ ያድጋል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል ግን ቁጥሩን እይ፣ ከ10 ወደ 20 ሜትር ስትወጣ ሜዳማ ቦታ ላይ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ይጨምራል፣ ኃይሉ በ35 በመቶ አካባቢ፣ ዛፍና ቤት በበዛበት ደግሞ ከዛም በላይ። አጭር ታወር ላይ ትልቅ ተርባይን ከመስቀል ረጅም ታወር ላይ መካከለኛ መስቀል ይሻላል ብዬ ሁሌም እከራከራለሁ። ታወሩ ሲሰራ መሠረቱ ኮንክሪት ነው፣ ወጣሪ የብረት ገመዶቹ መሬት ውስጥ በደንብ የተያዙ መሆን አለባቸው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ግቢህ ጠባብ ከሆነ ገመዱን የት ታስራለህ? ከወደቀስ የት ላይ ይወድቃል? የጎረቤት ቤት ላይ ከሆነ መልሱ፣ ጨዋታው እዛ አበቃ። ደግሞ ተጣጥፎ ወደ መሬት የሚወርድ ታወር ምረጥ፣ ክሬን እየጠራህ ልትጠግነው አትችልም፣ እኔም ብሆን 20 ሜትር ላይ ተንጠልጥዬ ብሎን ማጥበቅ አልመርጥም። መብረቅ ስላለ ግራውንዱም በባለሙያ ይሰራ። የግንባታ ፈቃድና የከፍታ ገደብ መኖሩንም ሳትገዛ በፊት አጣራ።

በነገራችን ላይ ከፍተኛ ቦታ ላይ የምትኖር ከሆነ አየሩ ስስ ነው። የሻጩ ቁጥርም የኔ ቀመርም የባህር ወለል አየርን ነው የሚያስቡት፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 18 በመቶ ያህል ቀንስ፣ 2,500 ላይ 22 በመቶ።

የመብራት መጥፋቱን በተመለከተ፣ ይሄን ሻጩ የሚነግርህ አይመስለኝም፦ ከመስመር ጋር ብቻ የተገናኘ ተርባይን መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኢንቨርተሩ የሚሰራው እንደዛ ነው፣ መስመር ላይ የሚሰራ ቴክኒሻን በአንተ ኤሌክትሪክ እንዳይመታ። መብራት ሲጠፋ ላብራ ካልክ ባትሪና ለዛ የሚሆን ኢንቨርተር ትጨምራለህ፣ ባትሪ ከተጨመረ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል ምክንያቱም ባትሪው ከተርባይኑ ቀድሞ ነው የሚያረጀው፣ በ15 ዓመት ውስጥ የሊድ አሲድ ባትሪ ደጋግመህ ትቀይራለህ፣ ሊቲየሙ ይሻላል ግን መነሻው ውድ ነው። ደግሞ ባትሪህ የሚፈለገው መብራት ሲጠፋ ብቻ ከሆነ እኮ ባትሪውን ከመስመሩ ራሱ ቻርጅ አድርገህ መጠባበቂያ ማድረግ ትችላለህ፣ ለዛ ተርባይን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዝ፣ ተርባይን እንደ ሶላር ፓነል በፈለግክ ሰዓት የምትነቅለው ነገር አይደለም። ባትሪው ሞልቶ ወይ ገመዱ ተቆርጦ ጭነት ካጣ ክንፉ ያለገደብ ይፈጥናል፣ ኃይለኛ ንፋስ ላይ ራሱን ሊበታትን ይችላል። ለዚህ ነው ትርፉን በሙቀት መልክ የሚያቃጥል ሬዚስተር ያለው ኮንትሮለር፣ ማቆሚያ ብሬክ፣ እና ንፋሱ ሲበዛ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞርበት ዘዴ የሚያስፈልገው። ርካሽ ተርባይን ላይ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነዚህ ናቸው። ጥገናውም ቀላል ቢሆንም አይቀርም፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ አውርደህ ብሎኑን፣ ክንፉን፣ ኩሽኔታውን፣ የገመዱን ውጥረት ታያለህ። ይሄን የሚሰራ ሰው በቅርብህ ከሌለና ራስህም የማትሰራ ከሆነ የመጀመሪያው ብልሽት የመጨረሻው ይሆናል፣ ቆሞ የቀረ ተርባይን ብዙ አለ።

«ቀጥ ብሎ የሚዞረው ዓይነትስ?» ብለህም ነበር በመጨረሻ፣ ክንፎቹ በቆመ ዘንግ ዙሪያ የሚዞሩትን ማለትህ ነው። ያምራል፣ ከየትም ቢነፍስ ይቀበላል፣ ግን ለተመሳሳይ ስፋት ያነሰ ኃይል ይሰጣል ብዙ ብረትም ይበላል። ዝቅተኛ ንፋስ ላይ ይዞራል የሚለውም እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን በሰከንድ 2 ሜትር ንፋስ ውስጥ በካሬ ሜትር 5 ዋት እንኳ የለም፣ ቢዞርስ ምን ይሰጥሃል። ሶስቱን ጥያቄ፣ ዲያሜትር (ለዚህኛው ዓይነት የክንፉን ቁመትም ጨምረህ)፣ አማካይ ንፋስና ታወር፣ እሱም ላይ አንሳ።

ከሶላር ጋር ካላወዳደርኩልህ መልሱ ጎዶሎ ነው። በቀን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚቆጠርበት ቦታ ከሆንክ ባለ 500 ዋት ሶስት ፓነል በዓመት 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጡሃል፣ ያንተን ፍጆታ ማለት ነው፣ የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ ያቺ አስቸጋሪ ጣራህ ላይ መቀመጥም ይችላሉ። ያንኑ ለማግኘት ንፋሱ 3 ሜትር ክንፍ፣ ረጅም ታወርና በሰከንድ 5 ሜትር አማካይ ይፈልጋል። ለዚህ ነው አሁን ከሚጠይቀኝ አስር ሰው ለአብዛኛው መጀመሪያ ሶላር አድርግ የምለው፣ የንፋስ ሰው ሆኜ ይሄን መናገር ደስ አይልም ግን የሶላር ዋጋ ካለፉት አስራ ምናምን ዓመታት ወዲህ እንደዛ ሲወርድ የትንሽ ተርባይን ዋጋ አብሮት አልወረደም።

ንፋስ ጎልቶ የሚያሸንፍበት ግን አለ። መስመር የሌለበት ወይም ለማስገባት እጅግ ውድ የሆነበት፣ ገላጣ ኮረብታ ወይ የባህር ዳርቻ፣ አማካዩ ከ5 በላይ የሆነ፣ በተለይ ደመናው በሚበዛበት ወራት ንፋሱ የሚበረታበት ቦታ። እንደዛ ያለ ቦታ ላይ ሶላርና መካከለኛ ተርባይን አንድ ባትሪ ላይ ሲሰሩ በጣም አነስ ያለ ባትሪ ይበቃሃል፣ ሌሊትም ደመናም ሲሆን የሚሞላው ስላለ ጀነሬተር ማስነሳት ይቀንሳል። እዛ ላይ የምታወዳድረው ከመስመር ቢል ጋር አይደለም፣ ከነዳጅ ጋር ነው፣ ነዳጅ ደግሞ በጣም ውድ ተወዳዳሪ ነው። መጠኑ ላይም ትንሹን አትምረጥ፣ ኔዘርላንድ ዜላንድ ውስጥ አማካዩ በሰከንድ 3.8 ሜትር በሆነበት ሜዳ ላይ የተለያዩ ትንንሽ ተርባይኖች ጎን ለጎን ተተክለው ሲለኩ፣ የ1 ሜትሩ በዓመት 73 ኪሎዋት ሰዓት ሲሰጥ የ5 ሜትሩ 2,700 ገደማ ሰጥቷል። የ1 ሜትሩን የሚተክል ሰው ጓደኞቹን የሚያሳየው ነገር ነው ያገኘው።

እና አንተ አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ያን 2 ኪሎዋት የተባለውን ቀብድ ካልከፈልክ ተወው። ካርታው ላይ የ10 ሜትሩን ቁጥር እይ፣ ከቤትህ ዙሪያ 150 ሜትር ውስጥ ያለውን ረጅሙን ነገር ገምት፣ የግቢህን ስፋት ለካ። ቁጥሩ ከ4 በታች ከሆነ ወይ 15 ሜትር ታወር የሚተከልበት ቦታ ከሌለህ ገንዘቡን ፓነል ላይ አውለው፣ መብራት መጥፋቱ ካስመረረህም ባትሪ ጨምርበት። ቁጥሩ 5 ደርሶ ቦታውም ካለህ ደግሞ 3 ሜትር አካባቢ ዲያሜትር ያላቸውን ብቻ ፈልግና ሻጩን በጽሑፍ እነዚህን ጠይቀው፦ በአማካይ 5 ሜትር ንፋስ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ማን ለካው፣ ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ ራሱን የሚያቆመው በምንድነው፣ መለዋወጫ ክንፍና ኩሽኔታ ከየት አገኛለሁ። የዓመቱ ምርት በኔ ቀመር 1,800 ነው የሚወጣው፣ በ15 ዓመት 10 በመቶ ቀንሰን 24,300፣ ያንተ የ13 ዓመት ተኩል ፍጆታ። ጠቅላላ ወጪው ከዛ ቢል በደንብ ዝቅ ካለ፣ እኔ «በደንብ» የምለው ግማሹ አካባቢ ሲሆን ነው ምክንያቱም ሁሌም ያላሰብከው ወጪ አለ፣ ያኔ የሰጡህን መልስና የካርታውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን።